ዜግነት፣ የቢሮ ደጅና የአገሮች ወዳጅነት፦ ማመልከቻ ሊያጽፉ መጥተው የሚጠይቁኝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከመሥሪያ ቤቶች አጥር ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ጃንጥላ አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬአለሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው ታዲያ አስጽፎ ዝም ብሎ አይሄድም። «መምህር፣ እንዲያው ለነገሩ…» ብሎ ይጀምርና ከመታወቂያ ተነሥቶ ግድቡ ጋ ይደርሳል።

አንዱን ጥያቄ በቀን አምስት ጊዜ ከምመልስ፣ አንድ ላይ ጽፌ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ አልሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። የአዋጅ ቁጥር የምጠራው ለጉራ አይደለም። ቢሮ ገብቶ ቁጥር የሚጠራ ሰው ትንሽ ይፈራል፤ ለዚያ ነው።

የቀበሌ መታወቂያ ካለኝ ኢትዮጵያዊ ለመሆኔ ማስረጃ ነው አይደል?

አይደለም። የቀበሌ መታወቂያ የሚናገረው የት እንደምትኖሩ ነው። አዲሱ ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳም፣ ዜግነት አይሰጥም። ባለ 12 አሃዙ ቁጥር «ይህ ሰውዬ እውነትም እሱ ራሱ ነው» ከማለት አያልፍም። እዚህ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋም ሊያወጣው ይችላል።

ዜግነት የሚመጣው ከወላጅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ሁለቱም ወላጆቹ ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። እናት ብቻዋን ትበቃለች። አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ የቡሬ ልጅ የሆነች ሕፃን ኢትዮጵያዊ ነው። ተጥሎ የተገኘ ሕፃንም የሌላ አገር ዜጋ መሆኑ እስካልታወቀ ድረስ እንደ ኢትዮጵያዊ ይቆጠራል። ዝርዝሩ ያለው በዜግነት አዋጁ፣ ቁጥር 378/1996 ላይ ነው። ከእሱ በፊት የምንተዳደረው በ1922 በወጣ ሕግ ነበር።

ለወላጆች አንድ ምክር አለኝ። ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። ክርስትናው በ40 ወይም በ80 ቀን ነው፤ እግረ መንገዳችሁን ቀበሌ ብቅ በሉ። 18 ዓመት ቆይቶ «ልደቴን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች» የሚል ማመልከቻ ከማጻፍ ይሻላል። ለእኔ ገበያ ነው፤ ለእናንተ ግን ድካም ነው።

ስሜ አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ ሌላ ዓይነት ነው። ችግር አለው?

አለው። ብዙ አለው።

ባለፈው አንዲት እናት ከሲናን መጡ። ቢጫ ፌስታል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ሲፈቱት የልጃቸው የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የክትባት ወረቀትና የፓስፖርት ፎቶ ኮፒ ወጣ። የልጅቱ ስም በአማርኛ አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ግን ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ተጽፏል። አንዱ ላይ የአያቷ ስም የለም። የልደት ቀኗም አንዱ የእኛ፣ አንዱ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሲያዩት ስምንት ዓመት የተለያዩ እኅትማማቾች ይመስላሉ።

«የኔ ጌታ፣ እኔ እኮ አንድ ልጅ ነው የወለድሁ» አሉኝ።

አልሳቅሁም። መፍትሔው አሰልቺ ነው ግን አለ። መጀመሪያ የትኛው ወረቀት መሠረት እንደሚሆን ወስኑ። ብዙ ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው። ሌላው ሁሉ በእሱ ይስተካከላል። ፓስፖርት ከወጣ በኋላ ለማስተካከል ከመሮጥ፣ ከመውጣቱ በፊት ስሙን ፊደል በፊደል ማየት ይቀልላል። ፓስፖርት የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ቅርቡ የባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳታጣሩ አትነሡ። ይህን የጎጃም ሰው መንገር ባያስፈልግም።

ወንድሜ አሜሪካ ፓስፖርት አውጥቷል። አሁንም ኢትዮጵያዊ ነው?

በልቡ ይሆናል፤ በሕግ አይደለም። ሕጋችን ሁለት ዜግነት አይቀበልም። የሌላ አገር ዜግነት ወዶና ፈቅዶ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል። ማመልከቻ አስገብቶ «ተውሁ» ማለት አይጠበቅበትም፤ በራሱ ጊዜ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚስተው የልጆቹን ነገር ነው። ውጭ አገር ተወልዶ በመወለዱ ብቻ የሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ወዲያው አያጣም። አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ አንድ ዓመት አለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላኛውን ትቶ የኢትዮጵያን እንደሚይዝ ካላስታወቀ ግን የእኛን እንደተወ ይወሰዳል።

ማግባት ዜግነት አያሳጣም። አንቀጽ 33 ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። መንግሥትም ያለ ፈቃዳችሁ አይነጥቃችሁም። ጠቅልሎ ለመመለስ የፈለገ ደግሞ በሩ አልተዘጋበትም። አገሩ ገብቶ ኑሮውን እዚህ ያደርጋል፤ የውጭውን ዜግነት ይተዋል፤ ከዚያ ያመለክታል።

ታዲያ ቢጫ ካርድ ምንድን ነው?

የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። የወጣው በአዋጅ 270/1994 ነው። ካርዱ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፤ የመኖሪያም የሥራም ፈቃድ ሳያወጣ ይኖራል፣ ይሠራል፤ ቤት መግዛትም ይችላል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም በቋሚነት አይቀጠርም። ዘመድ ቤት እንደልብ የሚገባና የሚወጣ፣ በቤተሰብ ጉባኤ ግን ድምፅ የሌለው ሰው በሉት።

ቢሮው ግድግዳ ላይ 12 የሥነ ምግባር መርሆዎች ተለጥፈዋል። ለማን ነው የተለጠፉት?

ይህን የጠየቀኝ አንድ የሸበል በረንታ ገበሬ ነው። ስድብ መሆኑን የተረዳሁት ከሄደ በኋላ ነው።

እስቲ እንቁጠራቸው፦ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሐቀኝነት፣ የሕዝብን ጥቅም ማስቀደም፣ በተሰጠ ሥልጣን በሕግ መገልገል፣ አለማዳላት፣ ሕግን ማክበር፣ ለለውጥ ዝግጁ መሆን፣ አርአያ መሆን። ተማሪዎቼን በቃል አስይዣቸዋለሁ። ዛሬ ከእነሱ መካከል ከመስኮቱ ማዶ የተቀመጡ አሉ። አንዳንዶቹ ሲያዩኝ ይነሣሉ። አንዳንዶቹ «ሲስተም የለም» ይሉኛል።

እኔ ሁሉንም እኩል አላይም። «ለለውጥ ዝግጁ መሆን» ምን ማለት እንደሆነ እስከ ጡረታዬ ድረስ አልገባኝም። «አለማዳላት» ግን ሌላውን ሁሉ የተሸከመ ምሰሶ ነው። ከተበላሸ ቤቱ ይዘምማል።

የራሴን ልንገራችሁ። ለመኖሪያ ቤቴ አንድ ወረቀት ፈልጌ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ አሥራ አንድ ቀን ተመላለስሁ። ባለሙያው የሚቀመጠው ልክ ከመርሆዎቹ ሥር ነው፤ «ግልጽነት» የሚለው ቃል ከራሱ በላይ ይታያል። በየቀኑ «ኔትወርክ የለም፣ ነገ ይምጡ» ይለኛል። በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ ሰው ገባ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ቡና ቡና ተባባሉ፤ ሰውዬው ማህተም የተመታ ወረቀት ይዞ ወጣ። ኔትወርኩ ለእሱ መጣ፤ ለእኔ ጠፋ።

አልጮህሁም። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ሦስት መስመር ጻፍሁ፦ በዚህ ቀን አመለከትሁ፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁም፤ ያልተሠራበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽልኝ። መዝገብ ቤት ወሰድሁት። ጸሐፊዋ ገቢ ቁጥር ሰጠችው፤ ቅጂዬ ላይም አስፈረምኋት። በማግስቱ ስልክ ተደወለልኝ።

ከዚያ ወዲህ ለደንበኞቼ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። በቃል የተባለ «ነገ ና» ባለቤት የለውም። ቁጥር የያዘ ወረቀት ግን ባለቤት ያገኛል፤ ሲጠፋም የሚጠየቅ ሰው አለ።

ለባለሙያዎቹም ፍትሕ ላድርግ። ኔትወርክ እውነትም የሚጠፋበት ወራት አሳልፈናል። ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃው ልጅ፣ በቀን መቶ ሰው የሚያስተናግድ ልጅ አውቃለሁ። ለእሱም ቢሆን በጽሑፍ የቀረበ ነገር ይሻለዋል፤ አለቃው ሲጠይቀው የሚያሳየው ያገኛል።

ጉዳዬ ካለቀ በኋላ አንድ ኪሎ ማር ብወስድለት ጉቦ ነው? ምስጋና እኮ ነው!

የማር አገር ሰው ስለሆንን ይህ ጥያቄ አያልቅም። አንዳንዴ ቅቤ ይሆናል፤ አንዳንዴ «የልጆች ደብተር መግዣ»።

በሕጉ ዓይን ከሥራው በፊትም ተሰጠ በኋላ፣ ሹሙ ለሥራው ብሎ የማይገባውን ጥቅም መቀበል የለበትም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 የሚይዘው ተቀባዩን ብቻ አይደለም። ሰጪውም ያቀባበለውም አሉበት። «እኔ ደላላ ነኝ፣ ብሩን አቀበልሁ እንጂ» የሚለው መከላከያ አያስኬድም። ማመስገን የፈለገ አስተያየት መስጫው ላይ ይጻፍ። ነጻ ነው፤ ለልጁም በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ይጠቅመዋል።

ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምትሉኝ አላችሁ። ተረቱ ከየት እንደመጣ አስቡ። በጉልት ዘመን ሹም ደመወዝ አልነበረውም። የሚኖረው በተሾመበት አገር ሕዝብ ላይ ነበር። መብላቱ ሥርዓቱ ራሱ ነው። የዛሬው ሹም ግን ደመወዙን ከግብራችሁ ይወስዳል። ማሩን ስትጨምሩለት ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ ማለት ነው።

ጎጃም በዚህ ነገር የመረረ ታሪክ አለው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ሞጣና ቢቸና፣ ከዚያም ሌላው አውራጃ አመፀ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ከቦታው ተነሣ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። መጻሕፍቱ ስለ ግብሩና ስለ ርስት ሥጋት ይጽፋሉ፤ እውነት ነው። የቢቸናው አባቴ ግን ሲያወራ ግብሩን ብዙም አያነሣውም ነበር። የሚያነሣው የግብር ገማቹን ነው፤ እንዴት በበቅሎ እንደመጣ፣ በማን ቤት እንደበላ፣ የማንን ማሳ አሳንሶ የማንን እንዳሳደገ።

አቤት የምለው የት ነው?

በመጀመሪያ እዚያው የባለሙያው አለቃ ዘንድ። ቀጥሎ የቢሮው ቅሬታ ሰሚ። ሁለቱንም በጽሑፍ።

ካልሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በአዋጅ የተቋቋመው በ1992 ነው። ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ገንዘብ አያስከፍልም፤ መጻፍ የማይችል ሰውም በቃሉ ማመልከት ይችላል። (ይህን የምጽፈው በራሴ ገበያ ላይ ነው።) አስተዳደራዊ በደል ይመረምራል። ፍርድ ቤት በያዘው ነገር ግን አይገባም። ደግሞ የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ጥርሱ ላላ ያለ ነው። ቢሆንም ደብዳቤው ሲደርስ ቢሮዎች ይነቃሉ።

ነገሩ ጉቦ ከሆነ ወደ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው። የፌዴራልም የክልልም አለ።

እንደ ፓስፖርት ያለ የፌዴራል ጉዳይ ከሆነ ደግሞ አዋጅ 1183/2012ን አስታውሱ። የፌዴራል ተቋም የወሰነባችሁን ነገር ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ያስገድዳል። ውሳኔው ሕግ የጣሰ ነው ካላችሁም ፍርድ ቤት እንዲያየው መጠየቅ ትችላላችሁ። ቀበሌያችንን ግን ይህ አዋጅ አይነካውም፤ እዚያ ወስዳችሁ ብትጠሩት ይስቁባችኋል።

አገሮች ትናንት ወዳጅ፣ ዛሬ ጠላት የሚሆኑት ለምንድን ነው? መንግሥት ቃል የለውም?

ሬዲዮ የሚሰሙ ሽማግሌዎች ጥያቄ ነው። መልሱን ከሩቅ አላመጣም፤ ከዚህችው ከተማ ልጀምር።

ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 1916 ነው። የማኅበሩ ቃል አንዱ አባል ሲጠቃ ሌላው ይደርስለታል የሚል ነበር። መስከረም 1928 ጣሊያን ወረረችን። ደራሽ አልመጣም። ኅዳር 1931 ላይማ እንግሊዝ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ላላት ግዛት ዕውቅና ሰጠች። ያን ጊዜ በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ እዚህ ጎጃም ውስጥ ይዋጉ ነበር። ለንደን ለነሱ ጦርነቱ አልቋል አለች፤ እነሱ አልሰሙም።

ከዚያ ሰኔ 1932 ጣሊያን ራሷ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። ነሐሴ ላይ ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባ። አርበኞቹን ፈልጎ ነው የመጣው! ዕውቅናው ከተሰጠ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ጥር 1933 ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገቡ፤ መጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። እዚህ የጠበቋቸው ደግሞ ከጣሊያን ጋር የቆዩት ራስ ኃይሉ ናቸው። ወዳጅነት አገር ውስጥም ይገለባበጣል።

እንግሊዝ በሁለት ዓመት ውስጥ ደግ አልሆነችም። ጠላቷ ተቀየረ እንጂ።

ሁለተኛውን አጠር ላድርገው። ሚያዝያ 1969 ደርግ ቃኘው የሚባለውን የአሜሪካኖች የጦር ጣቢያ ዘጋ። ሐምሌ ላይ ሶማሊያ ወረረች። ሶቭየት ኅብረት የሶማሊያ ወዳጅ ነበረች፤ ወደኛ ዞረች። ሶማሊያም ኅዳር 1970 ሩስያኖቹን አባረረች። በዓመት ጊዜ ውስጥ ሁለቱ ጎረቤታሞች አጋር ተለዋወጡ፤ ገበያ ላይ በሬ እንደሚለዋወጡ።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 86 የውጭ ግንኙነት መርሆችን ዘርዝሯል፦ ብሔራዊ ጥቅምና ሉዓላዊነት፣ በሌላው የውስጥ ጉዳይ አለመግባት፣ የመንግሥታት እኩልነት፣ ከጎረቤት ጋር ወንድማማችነት፣ ጠብን በሰላም መፍታት። ጥሩ ዝርዝር ነው። እንደ ቢሮው ግድግዳ 12 መርሆዎች ሁሉ፣ የሚፈተነው ኔትወርክ ሲጠፋ ነው።

የአገሮች ስምምነትስ? ወረቀት ከተፈረመ አለቀ አይደል?

ወረቀቱ ምን ይላል? በማን ቋንቋ?

የውጫሌን ውል ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የምጽፈው፦ «ይቻላል» እና «ይገባል»። በ1881 በተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በጣሊያን በኩል ማድረግ ይቻላቸዋል ይላል። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ጣሊያንም ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች። የዚያ ነገር ማብቂያ የካቲት 23፣ 1888 ዓድዋ ላይ ሆነ። ማመልከቻ ስጽፍ በግስ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው።

ዛሬ አስፈጻሚው የተዋዋለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሲጸድቅ የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል።

ዓባይ ከእኛ ይነሣል። ታዲያ ለምን ሌላው ያዝበታል?

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብለው የሚጀምሩት የሰከላ ሰዎች ናቸው። ይገባቸዋል፤ ግሽ ዓባይ ደጃቸው ነው።

ሦስት ወረቀት አለ። አንደኛው ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ግንቦት 1894 የተዋዋሉት ነው። በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያቆም ሥራ ያለ ስምምነት አይሠራም ይላል። እዚህም የግስ ጠብ አለ። የእኛ ወገን ክርክር ውሃን ፈጽሞ መድፈንና መጠቀም ይለያያሉ ነው። ሁለተኛው በ1921 ግብፅና እንግሊዝ፣ ሦስተኛው ጥቅምት 1952 ግብፅና ሱዳን የተፈራረሙት ነው። ሦስተኛው ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ደለደለ። በኋለኞቹ ሁለቱ ላይ የኢትዮጵያ ፊርማ የለም። ከናይል ውሃ 85 በመቶ ያህሉን የሚልከው ቤት በድልድሉ ላይ ስሙ አልተነሣም። የአንድ እናት ልጆች ርስት ሲካፈሉ ታላቁን ሳይጠሩ እንደማለት ነው። ያልፈረምንበት ወረቀት ደግሞ አያስረንም።

ቀጥሎ የመጣው የራስጌ አገሮች ወረቀት ነው። የኢንቴቤው የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ለፊርማ የቀረበው ግንቦት 2002 ነው። እኛ በ2005 አጸደቅነው። ስድስት አገር ማጽደቅ ነበረበት፤ ስድስተኛዋ ደቡብ ሱዳን ሆነችና ጥቅምት 3፣ 2017 ሥራ ላይ ዋለ። ግብፅና ሱዳን የሉበትም። ከሁለቱ ጋር ያለው መጋቢት 14፣ 2007 ካርቱም ላይ የተፈረመው የመርሆች መግለጫ ነው፤ ፍትሐዊ አጠቃቀምንና ጉልህ ጉዳት አለማድረስን ይዟል።

ግድቡ ራሱ መጋቢት 24፣ 2003 ተጀመረ፤ ጳጉሜ 4፣ 2017 ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ጉባ ላይ ነው ያለው፤ መተከል ድሮ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት እንደነበር ሽማግሌዎች ያስታውሱኛል።

«ታዲያ ለምን ቀበሌያችን መብራት የለውም?» ትላላችሁ። ኃይል ማመንጨትና መስመር መዘርጋት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ግድቡ ምንጩ ነው፤ ከምንጩ እስከ ማሰሮው ቦይ መቆፈር አለበት። የቦዩ ጥያቄ የውጭ ጉዳይ አይደለም፤ የቤት ጉዳይ ነው፤ ማመልከቻ ይጻፍበታል። ለሦስት ቀበሌ ጽፌአለሁ። ገቢ ቁጥራቸው ደብተሬ ላይ አለ።

የአገሮች ጠብና ፍቅር ለእኔ ምኔ ነው? እኔ አራሽ ነኝ።

አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ የፊዚክስ መምህር። እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ ልጅ ወልዶ፣ ከእኛ ጋር ዕድር ይከፍላል። ትውልዱ ኤርትራ ነው። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲጀመር በ1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጡ ሰዎች እንደ ኤርትራ ዜጋ ተቆጠሩ። ከሁለቱም አገር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተባረሩ። እሱም ሄደ። የሻይ ብርጭቆው የመምህራን ማረፊያ ክፍል መስኮት ላይ ለብዙ ጊዜ ቆየ፤ ማንም አላነሣውም።

ጥር 1996 የወጣ መመሪያ እዚህ የቀሩት የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነታቸውን መልሰው እንዲያገኙ መንገድ ከፈተ። ሐምሌ 2፣ 2010 አስመራ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ስልክ ተከፈተ። በዚያ ሳምንት ከአስመራ ተደወለልኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ዕድሩ ነው።

ልጆቻችሁ ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱም ያው ነው። መንግሥት በጥቅምት 2006 ጉዞውን አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ነው። በመካከሉ ሰው አልቀረም፤ በደላላ፣ በበረሃና በባሕር ሄደ። አሁን ለሥራ በሕጋዊ መንገድ የሚኬደው ኢትዮጵያ የሥራ ስምምነት ወዳላት አገር ነው። የሲናኗ እናት ልጅም የምትሄደው ወደዚያው ነው። ስለዚህ ደላላው ስለ ደመወዙ ሳያወራ በፊት «ከዚያ አገር ጋር ስምምነት አለ ወይ? የሥራ ውሉስ የት አለ?» በሉት። የውሉንና የፓስፖርቱን ቅጂ ቤት አስቀሩ።

ውጭ አገር ብታሰር ኤምባሲው ያስፈታኛል?

አያስፈታም። ይጠይቃችኋል፣ ለቤተሰብ ያሳውቃል፣ ጠበቃ በመፈለግ ይረዳል፣ የጠፋ ፓስፖርት ይተካል። የምትዳኙት ባላችሁበት አገር ሕግ ነው። የሌላ አገር ዜግነት ከወሰዳችሁ ደግሞ የእኛ ሳይሆን የዚያው አገር ኤምባሲ ነው የሚመለከታችሁ።

ማመልከቻ ማጻፍ ስንት ነው?

እንደ ገጹ ነው። ለአረጋውያንና ለተማሪ በነጻ። ሁለት ቅጂ እጽፋለሁ፤ አንዱ ለቢሮው፣ አንዱ ለእናንተ። የእናንተ ቅጂ ላይ ሳታስፈርሙ ከመዝገብ ቤት አትውጡ። ሰኞና ሐሙስ ወረፋ ስለሚበዛ በጠዋት ኑ። ፌስታሉንም እንዳለ ይዛችሁ ኑ፤ የሚጣለውን ወረቀት አብረን እንመርጣለን።